ደሴ ሆኖ የሚከፈት ፋይል

ዐቂል ሆን ብሎ ሥራ ሲያጓትት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ባለ አንድ የውሃ ሥራዎች ቢሮ ኮምፒውተሮቹ በእሱ እጅ ናቸው። የቢሮው ዲዛይኖች በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት መስመር በተነካች ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጣት ይመዘገባል፤ የቀድሞውም ሳይጠፋ ይቆያል። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚታየው ከዚያው ከኮምቦልቻው ቢሮ ብቻ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ኢንሻራህ ትመጣለች።

ኢንሻራህ ደሴ ፒያሳ ባለው ቅርንጫፍ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። አባቷ ሐጂ የሱፍ፣ አያታቸው ከየመን መጥተው በከፈቱት ሱቅ ዛሬም ጨርቅ ይሸጣሉ። ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርድና፣ ለደሴ ብርድ የደረበችውን ሹራብ በክንዷ ይዛ ትገባለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ምን የተለወጠ አለ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ሁለት ዲዛይን» ይላል ዐቂል ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ቢያነሳ እንደሚታወቅበት ያውቃል።

ፋይሎቹ ወደ ፍላሽ እስኪገለበጡ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች አሥር ደቂቃ ያወራሉ። በዚያ ሰሞን የያዘችው የቢስቲማ አካባቢን የውሃ ሥራ ነበርና አንድ ቀን፣ «እናትህ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?» አለችው።

«ከምንጩ። ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል።»

«እንግዲያው ቦኖውን ወደ ደጃችሁ ልሳበው?» ብላ ሳቀች።

«ኧረ ከመስጊዱ አጠገብ ይሁን። ለሁሉም እኩል ነው።»

ሳቋን ትታ አየችው። ያ አስተያየቷ ሳምንቱን ሙሉ አብሮት ሰነበተ።

አንድ ሰኞ ኃላፊው ኢንጂነር ሞላ ጠሩት።

«ይሄ በፍላሽ መመላለስ ይብቃ። ኢንሻራህ ደሴ ቁጭ ብላ በብሮውዘር የምትከፍተው አድርግልኝ። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

አራት ቀን ይበቃው ነበር። «አንድ ወር» አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ዋናውን ሥራ ጨረሰው። በራሱ ብሮውዘር የፋይሎቹ ዝርዝር ከነቀኑ፣ ከነለዋጩ ስም ወለል ብሎ ታየው። የቀረው ለኢንሻራህ የይለፍ ቃል ሰጥቶ ለደሴ መክፈት ነበር። እዚያ ላይ ተወው። ሐሙስ ደረሰ፤ መጣች። ሌላም ሐሙስ መጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ኢንሻራህ ፋይሉን ይዛ በሄደች ማግስት፣ የውሃ ማጠራቀሚያው የሚያርፍበት ቦታ ተለወጠ፤ መሬቱ ይንሸራተታል ተብሎ። እሷ ግን የሐሙሱን ወደ ቢስቲማ ልካ ነበር። ለጉልበት ሥራ የወጣው የአገሬው ሰው ሦስት ቀን ያለ ቦታው ቆፈረ። የዐቂል እናትም ድንጋይ ካጋዙት አንዷ ነበሩ።

ኢንጂነር ሞላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ኢንሻራህን ሲቆጡ ዐቂል ከወንበሩ ተነሣ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ኢንጂነር። የእኔ ነው። ሥራው ካለቀ ሦስት ሳምንቱ፤ ከፍቼላት ቢሆን ለውጡን በዕለቱ ታየው ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ከተከፈተላት... ሐሙስ አትመጣም ብዬ ነው።»

በኢንሻራህ በኩል መስመሩ ተቋረጠ።

ኢንጂነር ሞላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሂድ፣ ጨርሰው» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ላከላት። መልሷ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ተከፍቷል።»

ሐሙስ አለፈ፤ ሌላም ሐሙስ። ስሟን ከለወጠቻቸው መስመሮች ጎን ተጽፎ ያየዋል እንጂ እሷን አላያትም። ቅዳሜና እሁድ ግን ዐቂል አገሩ እየወጣ አዲሱን ጉድጓድ ከሰዉ ጋር ቆፈረ። ማንም አላዘዘውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ አካፋውን ተደግፎ ላቡን ሲጠርግ፣ ኢንሻራህ ስልኳን በእጇ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አየ። ዲዛይኑን በስልኳ ከፍታ ለሠራተኞቹ አሳየች፤ ለካች፤ «አሁን ልክ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እሱ መጣች።

«ወላሂ ተናድጄብህ ነበር» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናቶች ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከሙት በእኛ አሥር ደቂቃ የተነሳ ነው ብዬ።»

«በእኛ?» አለ ዐቂል ሳያስበው።

ፊቷ ቀላ። ዐይኗን ወደ ጉድጓዱ ጣለች። «እኔስ ብሆን ፋይሉን በኢሜል ላክልኝ ማለት ያቅተኝ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«ላክ» አለች ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት። «አባቴ በብሮውዘር አይከፈቱም።»

ሽማግሌዎቹ በሄዱ በሳምንቱ ሐጂ የሱፍ ዐቂልን ሱቃቸው አስጠሩት። ቆሞ ጠበቀ። እሳቸው አንድ ጣቃ ጨርቅ ቀስ ብለው ጠቅልለው ጨረሱ።

«ልጄን ለማየት ሥራ ያጓተትከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ሐጂ። እኔ ነኝ።»

«ለአለቃህም በአፍህ ተናገርክ?»

«አዎ።»

ሐጂ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «የኢንሻራህ እናት የገራዶ ልጅ ናት። እኔ ያኔ ሱቅ እየዘጋሁ ጨርቅ ላመጣ ነው እያልኩ ገራዶ ስመላለስ ከረምኩ። ገራዶ እርሻ እንጂ ምን ጨርቅ አለ? አባቴ ሳያውቁ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። አንተ ግን ተናገርክ።» አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ።»

ኒካሁ ከዒድ በኋላ ታሰረ።