ጫማ ውስጥ የተቀበረ ክር

አሰልጣኙ ከሩጫ ሜዳው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ልብሱ የሩጫ ልብስ ነው፤ ሰማያዊ ካናቴራ፣ ጥቁር ቁምጣ፣ ነጭ ካልሲ፣ አዲስ ጫማ። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ተፈንክቷል። ድንጋዩ ላይ ያለው ደም ግን ጥቂት ነው።

መርማሪው ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። በጣቢያው «ዝግተኛው» ይሉታል። እግሩ ጠፍጣፋ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራው አንድም ሌባ ሮጦ አልያዘም። ያመለጡት ግን ጥቂት ናቸው።

የሟቹን ፊት ትቶ እግሩን ተመለከተ። ካልሲዎቹ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እኩል ለእኩል ታጥፈዋል። የጫማዎቹ ክር ታስሯል፤ ጫፎቹ ግን አይታዩም። በጣቱ ፈለጋቸው። በጫማውና በካልሲው መሀል ወደ ውስጥ ተቀብረው አገኛቸው። አንዱን ጫማ አወለቀና ካልሲውን ሳበው። የካልሲው ስፌት ወደ ውስጥ ነው። ትንሿ ጣት ላይ የከረመ ጠባሳ አለ።

አዛዡ ከደረጃው ላይ ሆኖ ተጣራ። «ምን ትበረብራለህ? ልጅቷ ተይዛለች!»

«በምን?»

«ወንድሙ፣ ባለሱቁ፣ ጠዋት የሩጫ ልብስ ለብሶ ሲወጣ አይቶታል። ከዚያ ጭቅጭቅ ሰምቷል። ትላንት ደግሞ ሜዳው ሁሉ እያየ ጫማ ወርውራበታለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«የዚህን ክር ጫፍ ማን ደበቀው የሚለውን።»

«ስማ፣ እስከ ማታ የእምነት ቃሏን አስፈርመህ ካላመጣህ መዝገቡን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ አልጠብቅህም።»

«መሄዱስ ይሄዳል ጌታዬ። የሚሰበረው ሲያጣድፉት ነው።»

ልጅቷን የሜዳው ሰዎች «እሾህ» ይሏታል። አሰልጣኙ ካፈራቸው ሯጮች ሁሉ ፈጣኗ ናት። ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በደንቡ መሠረት የጫማዋን ክር ወስደውባታል። የጫማው ምላስ ተንጠልጥሏል።

«ፈርሚ አሉሽ?»

«ሦስቴ። ሦስቴም እምቢ አልኩ። አራተኛው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ እስክሪብቶም አልያዝኩ። ጫማውን ለምን ወረወርሽበት?»

«የታናሽ እህቴ ጫማ ነው። ከወንድሙ ሱቅ ገዛን። ባሥራ አምስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ሶሉ ተገነጠለ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ‹እዚያ ግዙ፣ አስተማማኝ ነው› ብሎ የላከን እሱ ነው። ወረወርኩበት። ዛሬም ቢሆን እወረውር ነበር።»

«እሱስ?»

«አነሳው። ሶሉን እንደ ሙዝ ልጣጭ ላጠው። ቀለሙ ብቻ ነው እንጂ ውስጡ ካርቶን ነው። ‹ይቅር በይኝ ልጄ፤ ጠዋት ለሯጩ ሁሉ ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ እላለሁ› አለኝ። ‹ይህን ጫማ እግሬ ላይ ካየሽው ሞቷል በይ› አለ።» ወዲያው አንገቷን ቀና አደረገች። «ነገ አራት ሰዓት ማጣሪያ አለብኝ። አንድ ዓመት የሮጥኩት ለነገ ነው። እዚህ ካሳደሩኝ አለቀ። ግን ለማጣሪያ ብዬ ነፍሰ ገዳይ ነኝ አልልም።»

«ካልሲ እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

ግራ ገባት። ከዚያ ፈገግ አለች። «ገልብጦ። ትንሿን ጣቱን ስፌቱ ይልጠው ነበር። እኛንም ያስገለብጠናል። ‹ስፌት ለዓይን ነው፤ እግር ዓይን የለውም› ይላል።» እግሯን አነሳች። የእሷም ካልሲ የተገለበጠ ነው።

ዝግተኛው ሲወጣ በረኛው ዘንድ ቆመ። የልጅቷን ክሮች ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ጫማ ሰፊው የሜዳው በር ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌ ነው። የባለሱቁ አዲስ ጫማ ገበያውን ስለወሰደበት አዛዡ የእሱንም ስም ከተጠርጣሪዎች ጽፎታል።

«እኔ?» አለ ሽማግሌው። «ከዚህ በርጩማ ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። ያንን የሚያህል ሰውዬ በምኔ ልገፋው? በመርፌዬ?»

«አባባ፣ ትላንት አይተውት ነበር?»

«ማየት ብቻ? አደራው እጄ ላይ ነው።» ከሳጥኑ ሥር አንድ ጥንድ ግራጫ የሩጫ ጫማ አወጣ። ሸራው ባራት ቦታ ተጥፏል፤ ተረከዙ ተቀይሯል። «ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በነጠላ ጫማ ሆኖ አመጣልኝ። ‹ጠዋት አልሮጥም፣ ለልጅቷ ሰዓት ነው የምይዝላት፤ እስከ ቀትር አድርስልኝ› አለ።»

«ሌላ የሩጫ ጫማ የለውም?»

«ይኸው ነው ያለው። አዲስ ሲሰጡት ለልጆቹ ያድላል። ‹ይህን ጫማ ከምለውጥ እግሬን ብለውጥ ይሻላል› ይለኛል።»

«ከዚህ ወዴት ሄደ?»

ሽማግሌው በወስፌው ጠቆመ። «ወደ ወንድሙ። ያንን የተገነጠለ ጫማ አንጠልጥሎ። ፊቱም ደህና አልነበረም።»

ሱቁ ከሜዳው የተመልካች መቀመጫ ሥር ነው። የኋላ በሩ የሚከፈተው ደረጃው ግርጌ ላይ ነው፤ ከበሩ እስከ ሬሳው ሰባት እርምጃ። ዝግተኛው ቆጥሮታል።

ባለሱቁ በጥቁር ልብስ ሆኖ በማሳያው መስታወት ውስጥ ሰው ከሚያክሉት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች አንዱን ያለብሳል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። የብረት መደርደሪያው ጥግ ላይ ፎጣ ተደርቧል።

«በሐዘን ቀን ሱቅ ትከፍታለህ?»

«ነገ ማጣሪያ ነው ጋሼ። ሯጩ በሙሉ ይመጣል። ወንድሜም ቢሆን ሥራ ይወድ ነበር።» ዓይኑን ጠረገ። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

«አሻንጉሊቶቹን የምታለብሳቸው አንተ ነህ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከኔ በቀር ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ዕቃውን የሚሸጠው አለባበሱ ነው።»

ካልሲውን ሁለት ጣት ለክቶ አጠፈ። ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩን አሰረ። ዝግተኛው እጁን ብቻ ያይ ነበር።

«ጠዋት ወንድምህን የት አየኸው?»

«እዚህ በረንዳው ላይ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ‹ዛሬ ጠንከር አድርጌ ነው የምሮጠው› አለኝ።»

«አዲሱን ጫማ?»

«እኔ የሰጠሁትን። እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር ቢያዩት!»

«አላየሁትም» አለ ዝግተኛው። «ለዚህ ነው የምጠይቅህ።»

በአሥር ሰዓት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰባቸው። አዛዡ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ መጣ። እሾህ በሁለት ፖሊሶች መሀል ጫማዋን እየጎተተች ገባች። ጫማ ሰፊውን ከነበርጩማው ተሸክመው አስቀመጡት።

«ከካልሲው ልጀምር» አለ ዝግተኛው። «ሟቹ ካልሲውን ገልብጦ ነበር የሚያደርገው። ሬሳው ላይ ያለው ግን አልተገለበጠም።»

«ተሳስቶ ይሆናላ» አለ አዛዡ።

«ይሁን፤ አንድ ስህተት ለሟች እንተውለት። ሁለተኛው ጫማው ነው። የራሱ ጫማ ማታውኑ አባባ ዘንድ ገብቷል። ጠዋት እንደማይሮጥ ነግሯቸዋል። ታዲያ የማይሮጥ ሰው ለምን የሩጫ ልብስ ለበሰ? እግሩ ላይ ያለውስ ጫማ የት ተገኘ? ‹እግሬ ላይ ካየሽው ሞቷል በይ› ያለው ያው ጫማ ነው። ቃሉን ጠብቋል፤ ሲሞት ነው ያደረጉለት።»

ባለሱቁ ሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነው። «ይህንን ያለችው ገዳይዋ ራሷ ናት እኮ!»

«ስለዚህ በእጅ እንየው።» ዝግተኛው ሁለቱን ክሮች ከኪሱ አወጣ። «እንኪ። እንደምትሮጪ አድርገሽ እሰሪ።»

እሾህ ተንበረከከች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ሁለቴ ቋጠረችና ጫፎቹን ከላይ፣ ከተጠላለፈው ክር ሥር ሸጎጠቻቸው።

«ወደ ጎን፣ ጫማው ውስጥ ለምን አልከተትሻቸውም?»

«ጫማው ውስጥ? አንድ ዙር ሳልጨርስ ቁርጭምጭሚቴን ይልጠዋላ! እንደዚያ የሚያስር ሰው ሮጦ አያውቅም።»

«ሮጦ አያውቅም» ሲል ደገመው ዝግተኛው። «ጫማ ግን ያስራል። ብዙ ጫማ፤ የማይራመድ እግር ላይ።»

ወደ ማሳያው መስታወት ዞረ። ስድስት አሻንጉሊቶች፣ አሥራ ሁለት ጫማዎች። ሁሉም አዩ። ካልሲዎቹ ሁለት ሁለት ጣት ታጥፈዋል። አንድም የክር ጫፍ አይታይም።

«ይሄ የሱቅ ሥራ ነው!» ባለሱቁ ጮኸ። «ለማሳያ ነው!»

«አዎን፤ ለማሳያ ነው። ወንድምህንም ለማሳያ ነው ያለበስከው። የለመደ እጅ ለሬሳም ሥራውን አያጓድልም። ከኔ በቀር ማንም አይነካቸውም ያልከኝ ራስህ ነህ። ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር አየሁት ያልከውም አንተ። ያንን ክር እሱ አላሰረውም። የሞተው ማታ፣ እዚሁ ቤት ነው።»

ሄዶ ፎጣውን ገፈፈ። ብረቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ግን በረኪናው ያልደረሰበት ቡናማ መስመር አለ።

ባለሱቁ አንዱን አሻንጉሊት ተደገፈ።

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ። «‹ጫማው ካርቶን መሆኑን አላውቅም ነበር ብለህ ማል› አለኝ። እንዴት ልማል? አውቅ ነበራ! በነጋታው በሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ! ሃያ ዓመት ‹የአሰልጣኙ ወንድም› ተብዬ ኖርኩ። የራሴ ነገር ይህ ሱቅ ብቻ ነው።»

ጫማ ሰፊው ከበርጩማው ቀና አለ። «መግፋቱን እጅህ ገፋው እንበል። በዚህች ልጅ ላይ እንድትመሰክርስ ማን ገፋህ?»

ፖሊሶቹ ባለሱቁን እጁን ይዘው አወጡት።

አዛዡ የያዘውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከሌላ ኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። «በይ፣ እዚህ ላይ ፈርሚና ሂጂ።»

«ምን ይላል?»

«በመያዜ ቅሬታ የለኝም ይላል። የተለመደ ነው።»

«አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ቅሬታ። አልፈርምም።»

አዛዡ ወደ ዝግተኛው ዞረ። «ሳትፈርም አትለቀቅም! ንገራት እንጂ!»

«ስንይዛትም አልፈረመችም» አለ ዝግተኛው።

እሾህ ወደ ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብላ ጉልበቱ ላይ የያዘውን የአሰልጣኙን ጫማ ለመነችው።

«ይሰፋሻል ልጄ።»

«ለእግሬ አይደለም አባባ። ነገ መጨረሻው መስመር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሰዓት ይያዝልኝ።»

ሽማግሌው የቀረውን አንድ ስፌት ጨረሰ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሰጣት። አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። በሩን እንዳለፈች ሩጫ ጀመረች።

«አስቁማት!» አለ አዛዡ።

ዝግተኛው ጠፍጣፋ እግሩን አየ።

«ማን?» አለ። «እኔ?»