በሁለተኛው ማንኪያ

አልጋ አራት ላይ የተኙት ጡረተኛ መምህር ከቁርስ በፊት ሞተው ተገኙ። ሸሚዛቸው ላይ ሻይ ፈሷል፤ ራስጌያቸው ላይ መንጠልጠል የነበረበት «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ቀይ ካርቶን ግን የለም።

ጉድ ፈላ! ስትሮክ ጉሮሮን ያዳክማል፤ የጠጡት ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ታማሚው አስቀድሞ ውሃ በማንኪያ ተሰጥቶት ይፈተናል፤ ካሳለ ካርቶኑ ይሰቀልለታል። ይህን ሥርዓት ያወጣችው፣ የስትሮክ ክፍሉንም ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታ ያስከፈተችው ወጣቷ ነርስ ናት። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጠርቷት፣ «ሳትሰቅይ ቀርተሽ ከሆነ ክፍሉ ይዘጋል፤ አንቺም ለሕግ ትቀርቢያለሽ» አላት።

መርማሪው ደረሰ። ባልደረቦቹ «ቆቁ» ይሉታል፤ ሲያዩት ያንቀላፋ ይመስላል እንጂ ጆሮው አይተኛም።

«ሰቅለሻል?»

«ሰቅያለሁ!»

«መዝገቡ ላይ የለማ።»

«ጥድፊያ ሲሆን ውጤቱን ካርቶኑ ጀርባ ላይ እጽፍና በኋላ መዝገብ ላይ እገለብጠዋለሁ። ዛሬ ሌላ ታማሚ መጣብኝና ሳልገለብጠው ቀረሁ።»

«ስትፈትኛቸው ማን አየሽ?»

«ማንም። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። እሳቸውም አንደበታቸው ተይዟል።»

የሟቹ ሚስት አላስተባበሉም። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ካርቶን የሚባል አላየሁም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ከታመመ ወዲህ ፈገግ የሚለው ለዚህች ልጅ ብቻ ነው! ቀናሁ፤ ምን ልደብቅህ። እኔም በእጄ ላጠጣው ብዬ ነው።»

ዋና ነርሷ ክንዳቸውን አጣጥፈው ጠበቁት። ወጣቷን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ሊጎበኙ እንግዶች መጥተው ከልጅቷ ጋር ፎቶ ሲነሱ ግን፣ የእንግዶቹን ቦርሳ ይዘው ዳር ቆመው ነበር። ያን ቀን መቅናታቸውን ወጣቷ አይታለች፤ አይታም ወደ ፎቶው አልጠራቻቸውም።

«እኔ የደረስኩት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ካርቶንም አላየሁም» አሉ። «እሷ ስሟ ይጠራ እንጂ ለታማሚ ምን ቸገራት! በሁለተኛው ማንኪያ ላሳለ ሰው ካርቶን አይሰቀልም?»

ቆቁ አዛጋ። ከዚያ ሁሉንም በባዶው አልጋ አራት ዙሪያ ሰበሰበና ወጣቷን ጠየቃት።

«ሲስተር፣ ስንተኛው ማንኪያ ላይ ነው ያሳሉት?»

«ሁለተኛው ላይ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። የጻፍኩት ካርቶኑ ጀርባ ላይ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ፣ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መናገር አይችሉም ነበር፤ አንዷ አልተናገረችም። ሦስተኛ ሰው ካወቀ ካርቶኑን አውርዶ ጀርባውን አንብቧል ማለት ነው።» ወደ ዋና ነርሷ ዞረ። «እትዬ፣ እኔ ስለ ማንኪያ አልጠየቅኩዎትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካርቶኑን ይስጡኝ።»

ዋና ነርሷ ከጋዋናቸው ኪስ የታጠፈውን ቀይ ካርቶን አወጡ።

«እንዲሞቱ ብዬ አይደለም» አሉ ወጣቷን እያዩ። «ረሳች እንዲሉሽ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው› ብትዪ ምን ነበረበት?»

እውነትም ወጣቷ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ዋና ነርሷን ይዘዋቸው ሄዱ። ክፍሉ ተረፈ። ሚስትየው ግን ከአልጋው አጠገብ አልተነሡም።

«ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ አይደል?»

ወጣቷ ጎናቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እሳቸው እኮ ፈገግ የሚሉት ‹ባለቤትዎ እየመጡ ነው› ስላቸው ነበር።»