ጥፍርና በረኪና

በዚያ ዓመት ገብሱን ዋግ መታው። ስንዴው ቆመ እንጂ ፍሬ አልያዘም። ከብት በርካሽ ተሸጠ። አንበሳሜ ገበያ እህል ፍለጋ የወረደ ሰው ባዶ ጆንያውን ተሸክሞ ተመለሰ። የጥጋብ ዓመት ቢሆን የሚድኑ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሞቱ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ጎተራቸው ካልጎደለ ጥቂቶች አንዷ ወይዘሮ የሺ ነበሩ። እሳቸውም አንድ እሑድ ጧት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ሆዳቸው ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት አገኘ። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት የጎተራው ቁልፍ በሠራተኛይቱ በብርቱካን እጅ ስለነበረ ፖሊስ እሷን አሰረ። ልጃቸው ብርሃኑም፣ ማታ ለእናቱ ተልባ ያጠጣች ብርቱካን መሆኗን በዓይኔ አየሁ ብሎ መሰከረ።

ኢንስፔክተር መሠረት ነገሩን የተረከበችው በቀብሩ ማግስት ነው። መጀመሪያ አልጋውን አየች። ሬሳው ከተነሣ ወዲህ ማንም አልነካውም ቢሏትም ንጹሕ ነበር። በመርዝ የሞተ ሰው አልጋ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ቀጥላ ወደ ጓሮ ዞረች። በልቅሶው ምክንያት ማንም ያላነሳው አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቀረብ ብላ አሸተተችው፤ በረኪና በረኪና ይላል። ጠርዙን እየዳበሰች ስትሄድ እጥፋቱ ውስጥ ጠንካራ ነገር ነካች። ቀይ አርቴፊሻል ጥፍር ነው።

የብርሃኑን ሚስት ሜሮንን ከሐዘንተኞቹ መካከል አስጠራቻት። ከባሕር ዳር ከመጣች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነው። ከቀይ አርቴፊሻል ጥፍሮቿ አራቱ የሉም።

«ጥፍርሽ ምን ሆነ?»

«አማቴ አይደሉ የሞቱት? ፊቴን ስነጭ ወለቀ።»

«የቤት ሥራ ታግዣለሽ?»

«በዚህ ጥፍር?» አለች ሜሮን። «እዚህ ከመጣሁ ውኃ የነካሁት ፊቴን ስታጠብ ብቻ ነው። ሠራተኛ አለች አይደል።»

የሟቿ የንስሐ አባት ቄስ ሀብተማርያም ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። መሠረት አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባታችን፣ ይቺ ብርቱካን ለሟቿ ምናቸው ናት?»

«ሠራተኛ ይሏታል እንጂ ባለ ብድር ናት። ብርሃኑ ሲወለድ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ነበር። የየሺ ጡት ደረቀ። የብርቱካን እናት አበበች ከራሷ ልጅ ድርሻ ከፍላ አጠባችው። ብርሃኑ ዳነ፤ የእሷ ልጅ፣ የብርቱካን ታላቅ፣ አልዳነም። አበበችም ሳይከፈላት ሞተች። የሺ ባለፈው ሰሞን ሽማግሌ ጠርተው፣ ‹ከቤቴም ከመሬቴም እኩሌታው የብርቱካን ነው› አሉ።»

«ሜሮን ሰማች?»

«ሰማች። ‹ለሠራተኛ!› ብላ ወጣች።»

«እሑድ ጧት ብርቱካን የት ነበረች?»

«ሳይነጋ መጥታ ቅዳሴ አስቀደሰች። ከዚያ ለየሺ ጸበል ይዤ አብረን መጣን። በጓሮ ስናልፍ የአንሶላው ውኃ ጥምጥሜ ላይ ተንጠባጠበ። ብርቱካን ‹ማን አጠበልኝ?› ብላ ስትገረም ሰማኋት። ገብታ ሬሳውን ያገኘች ከዚያ በኋላ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መሠረት ሁሉንም እልፍኝ ውስጥ ሰበሰበች። ብርቱካንን ከነካቴናዋ አመጧት። እጆቿ በአመድና በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል። መሠረት ጥፍሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ሜሮን። «ስነጭ ወለቀ ብዬሻለሁ።»

«የተነጨ ፊት ይህ ነው?»

ሁሉም አዩዋት። ጭረት የለባትም።

«እኔም ለእህቴ ሠርግ እንዲህ ያለውን አስለጥፌ ነበር» አለች መሠረት። «በማግስቱ የሠርጉን ድስት ሳጥብ ሁለቱን ከእጣቢው ለቀምኩ። ይህ ጥፍር በኃይል ሲነቀል ወይ ይሰበራል፣ ወይ የገዛ ጥፍርን ልጦ ጣት ያቆስላል። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና በረኪና ሥሩ ሲገባ ግን ሙጫው ነጥቶ ይለቃል፤ ጥፍሩ ሳይጎዳ ሙሉውን ይወርዳል። ይኸው፣ ሙሉ ነው፤ ሙጫውም ነጥቷል። ጣቶችሽም ደህና ናቸው።»

«እሺ፣ አጠብኩ። ማጠብ ወንጀል ሆነ?»

«ውኃ አልነካሁም ያልሽ አንቺ ነሽ። ደግሞ አንሶላው የተሰጣው ከልቅሶው በፊት ነው፤ ቄሱ በራሳቸው ላይ ተንጠባጥቦባቸዋል። መሞታቸውን ማንም ሳያውቅ የሬሳ አንሶላ ማን ያጥባል? ለብርቱካን እንዳትሰጫት ትውከቱን ታያለች። ስለዚህ ራስሽ አጠብሽው። ሥራ የለመደች ሴት ብትሆኚ በዚያ ጥፍር በረኪና አትነኪም ነበር።»

ሜሮን ቀና ብላ፣ «አጥቤ ይሆናል፤ አላጠጣሁም» አለች። «ተልባውን የሰጠቻቸው ይቺ ናት። ባሌ አይቷል።»

መሠረት ወደ ብርሃኑ ዞረች።

«ይህችን ልጅ እስር ቤት የሚያስቀራት ያንተ ቃል ብቻ ነው። አጠጣች ትላለህ?»

ብርሃኑ መሬት መሬቱን አየ። ብርቱካን አልለመነችውም።

«ዋሽቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያን ማታ የጎተራውን ቁልፍ ከብርቱካን የተዋሰች፣ ተልባውንም ተቀብላ የሰጠቻቸው ሜሮን ናት። እያየሁ።»

«ብርሃኑ፣ ሚስትህ ነኝ» አለች ሜሮን።

«እሷም የጡት እህቴ ናት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከብርቱካን እጅ ፈትቶ በሜሮን እጅ አሰረው። ብርሃኑ በሐሰት መስክሯልና እሱም ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። በብርቱካን ፊት ሲያልፍ ቆመ።

«የእናትሽን ብድር መለስኩ» አላት።

ብርቱካን የተላጠ አንጓዋን እያሸች አየችው።

«መለስክ፣ ጋሼ» አለችው። «አሳስረኸኝ፣ እትዬንም ሳልቀብራቸው።»