ሰቆጣ ላይ ይሠራል

ጥሩሐረግ የፈተና ቁጥሩን እንደገና ጻፈች። ስክሪኑም እንደገና «ውጤት አልተገኘም» አላት።

«ሰቆጣ ላይ ይሠራል እኮ» አለ ምንዋጋው ከኋላዋ።

«አሁን ያለነው አምደወርቅ ነው።»

ሁለቱም ሰቆጣ ውስጥ የአንድ ኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው። የአሥረኛ ክፍል ውጤት የሚያሳየውን ፕሮግራም አብረው ጻፉት። ተማሪ ቁጥሩን ሲያስገባ ውጤቱ ይታተምለታል። የዚህ አካባቢ ልጆች ለአንድ ወረቀት ሰቆጣ ድረስ እንዳይንከራተቱ፣ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ጠዋት በሚኒባስ ወደዚህ ትምህርት ቤት መጡ። ፕሮግራሙን ተሸክሞ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያቀርበው ሰርቨር የሚባለው ሶፍትዌር እዚህ ከሰቆጣው የተለየ ዓይነት ነው። ምንዋጋው ግን «በሁለቱም ዓይነት ሞክሬዋለሁ፤ ፏ ብሎ ይሠራል» ብሎ ለመምህራቸው አረጋግጧል።

ውጭ ይዘንባል። ልጆች ጣራው ሥር ተደርድረዋል። ከገጠር በእግሯ የመጣች ለተጊዮርጊስ የምትባል ልጅ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋለች።

«እህቴ፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ? አንዱን ንገሪኝና ልሂድ።»

«ገና ነው።»

«ጠዋትም ገና ነበር።»

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ መምህር ገበየሁ ብድግ አሉ። «ማሽኑ ይሆን?»

«ማሽኑ ነው፣ ቲቸር» አለ ምንዋጋው ፈጥኖ። «ሰርቨራችሁ አሮጌ ነው።»

ጥሩሐረግ ኮዱን ከፍታ መስመር በመስመር ወረደች። ምንዋጋው የጻፈው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፕሮግራሙ ውጤት የሚፈልግበትን ዓመት የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። የስክሪኑን ጥግ አየች። እንደ ፈረንጆቹ 2008 ይላል። ውጤቱ የተመዘገበው ግን በእኛ በ2000 ነው።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሰቆጣውን ሰዓት ነካክተሃል?»

ምንዋጋው ጆሮውን አከከ። «ወደ 2000 መለስኩት። ዓመቱ 2000 አይደል እንዴ?»

«በሁለት ዓይነት ሰርቨር ሞክሬያለሁ ያልከውስ?»

«ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም እዚያው ሰቆጣ አንድ ማሽን ላይ ጭኜ።»

«ፎግረኸናል።»

«አታካብጂ። ይሄንንም 2000 እናድርገውና እንሂድ። ሁለት ደቂቃ ነው።» እጁን ወደ ማውሱ ዘረጋ።

የትምህርት ቤቱ ሥራ ሁሉ ያለው በዚሁ ማሽን ነው። ሰዓቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቢመለስ ምን ምን እንደሚበላሽ ጥሩሐረግ አታውቅም። ፕሮግራሙ ነገ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ሰዓት ያጣምማሉ። ወደ መስኮቱ ዞረች። ለተጊዮርጊስ እግሯን እየቀያየረች ቆማለች። ለእሷ ሁለት ደቂቃም ብዙ ነው።

«ፕሮግራሙ የፈረንጁን ዓመት ተቀብሎ ራሱ ወደ እኛ ይቀይረው» አለች።

«ዓመቱ ስንት ቦታ እንደገባ ታውቂያለሽ? እስከ ማታ ይፈጃል። ደግሞ እንደዚያ ካደረግሽው፣ ሰዓቱ 2000 ላይ ስላለ ሰቆጣ ላይ ይበላሻል። የእኛ ቲቸር ሰዓቱን መነካካቴን ያውቃል። ከክበቡ ያባርረኛል፣ ጥሩ።»

ኪቦርድ ያስለመዳት እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሲስቅባት ያልሳቀ እሱ ነበር። እጁን ከማውሱ ላይ ቀስ ብላ አነሣችው።

«ቲቸር፣ ማሽንዎ ደህና ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። እስከ ማታ ይታገሡናል?»

መምህር ገበየሁ ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «ልጆቹስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በሩን ከፈተች። ለተጊዮርጊስ ከሁሉም ቀድማ መጣች።

«ወረቀትሽ የሚደርሰው ማታ ነው» አለቻት ጥሩሐረግ። «ጥፋቱ የእኛ ነው።»

«ማታ የምሄድበትን መንገድ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እኛ ቤት ታድራለች» አሉ መምህር ገበየሁ ከውስጥ። «ይልቅ ሥሩ።»

ለተጊዮርጊስ ከልብሷ ውኃ እያንጠባጠበች ገብታ ከምንዋጋው አጠገብ ተቀመጠች። እሱ ወለሉን ያያል። ጥሩሐረግ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበችና የእሱን መስመር አጠፋች።