መርከቧ ስትመለስ

«ይቅርታ እንጠይቃለን። ማዕበሉ ስለበረታ መቆም አልቻልንም» አለ የመርከቧ ድምፅ ማጉያ።

ኮቶኔ ከተኛችበት የወለል ምንጣፍ ቀና ብላ በመስኮቱ ተመለከተች። የተወለደችባት ደሴት እዚያው ነበረች፣ አረንጓዴ፣ ቅርብ። ወደቡ ላይ የመርከቧን ገመድ ተቀብለው የሚያስሩት ሰዎች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው መሄድ ጀምረዋል። አንዱ ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ባይለይም አባቷ እንደሆነ አወቀች።

ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ ነው ያደረችው፤ ማልቀሻ አቅም እንኳ አልቀራትም። ደሴቲቱ ላይ ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ትምህርት ስለሌለ ልጆቹ ሁሉ ወደ ቶኪዮ ይሄዳሉ። መመለሱ ግን በባሕሩ ፈቃድ ነው።

«ፊትሽ እኮ ሎሚ መሰለ!» አለቻት አጠገቧ የተጋደመችው ጎረቤታቸው እትዬ ፉሳኤ፣ ደረቅ ዓሣ እያኘከች። በዚህ ሁሉ መናወጥ መብላቷ ኮቶኔን አናደዳት። «አይዞሽ፣ መርከቧ ሩቁ ደሴት ደርሳ ስትመለስ ከሰዓት ደግማ ትሞክራለች።»

«አሁንም ካልቻለችስ?»

«ያው ቶኪዮ ነዋ! በባሕር ተንሸራሸርሽ ማለት ነው። በመጋቢትም ጠዋት አልፋን ከሰዓት አይደል ያወረደችን?»

ኮቶኔ ክው አለች። «በመጋቢት... ቆማ ነበር?»

«አዎ! አባትሽ ገመዱን አስሮ መሰላሉ ሥር ተገትሮ፣ ሁላችንም ወርደን አለቅን። ‹ማንን ትጠብቃለህ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ማንንም› አለኝ።»

በመጋቢት እረፍት ኮቶኔ መርከቧ ላይ አልነበረችም። አባቷን ተሳፍሬያለሁ ብላው ጓደኛዋ ቤት ፊልም ስታይ ሰነበተች። መርከቧ ጠዋት ማለፏን ከስልኳ አይታ፣ ማታ ደውላ «አልቆመችም፣ ይዛን ተመለሰች» አለችው። ከሰዓት የሆነውን አላየችም። እሱም «ባሕር ነው ልጄ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ዘጋ። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ኮቶኔ በጣም አፈረች።

ሩቁ ደሴት ሲደርሱ መርከቧ ጸጥ ብላ ቆመች። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ቶኪዮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ኮቶኔ ሻንጣዋን አንግታ ከወራጆቹ ጋር ተሰለፈች። እግሯ መሬት መርገጥ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ ባሕሩ የሚበርድ አይመስልም» አለ አባቷ። «አትሰቃዪ። እዚያው ወርደሽ በአውሮፕላን ተመለሺ። አልቀየምሽም።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እሺ ብትል ማንም አይወቅሳትም።

«አባዬ፣ መርከቧ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አይቻታለሁ እኮ።»

«በመጋቢት ግን አልነበርኩም። ዋሽቼህ ነው።»

ከኋላዋ ያለው ሰውዬ «ትወርጃለሽ ወይስ አትወርጂም?» አላት።

«በባዶ ሆድ ይብስብሻል» አለ አባቷ። «እስክትመጪ ትንሽ ነገር ቅመሺ።»

ኮቶኔ ለሰውዬው መንገድ ለቀቀችለት። ወደ መኝታው ክፍል የሚወስደውን ደረጃ እየተደገፈች ወርዳ እትዬ ፉሳኤ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ከዓሣው ትንሽ ይስጡኝ» አለች።