ሳይሳፈር የቀረው የመካ መንገደኛ

ጅብሪል አልጋው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቷል። ከራስጌው ባለው ሣጥን ላይ ሁለት ነጫጭ የመንገድ ልብሶች ታጥበው ታጥፈው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የእኅቱ የዙቤዳ። በማግስቱ ሁለቱ ከአሰላ ተነሥተው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ጅዳ ተሻግረው፣ መካ ሊገቡ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ጉዞ ነው። ለሽኝቱ የተተከለው ድንኳን በአንድ ጠዋት የለቀስተኛ ድንኳን ሆነ።

ነገሩን ሊመረምር የመጣው የፖሊስ መቶ አለቃ አሳምነው አጭር፣ ወሬ ወዳድ፣ ሲያዩት ገበያ ወጥቶ መንገድ የጠፋበት የሚመስል ሰው ነው። በዚህ መልኩ የተሸወዱ ስንቶቹ ወህኒ ቤት ተቀምጠው ይቆጫሉ! ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ከጤና ጣቢያ ወደመጣው ድሬሰር ቀና አለ።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

«ያስመለሰው ወተት ነው፣ መቶ አለቃ። አረፋውን ይዩት፤ ሽታውንም። እንዶድ አለበት፣ ያውም ብዙ። ልቡ ደግሞ ድሮም ደካማ ነበር።»

እንዶድ በዚያ ቤት ሞልቷል፤ የመንገዱ ልብስ የታጠበው በእሱ ነው። ማንም እፍኝ ዘግኖ ሊደቁስ ይችል ነበር። ለዚህ ነው ግቢው በፍርሃት የተያዘው። የቀረበው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ ዘመድ የዘመዱን እጅ በጥርጣሬ ያያል። ሽማግሌዎቹ ሬሳው ቶሎ ይቀበር እያሉ ይወተውታሉ።

አሳምነው ራሱ ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ቀዳ፤ ሰው ሁሉ እያየው ጠጣና ጣሳውን አዞረ። የሟቹ ሚስት ሀሊሜ ጠጣች። ታናሽ ወንድሙ ከሊፋ ተስገብግቦ ጠጣ። ጎረቤቱ ከዲሮ «ቢስሚላሂ» ብሎ ጨለጠው። ዙቤዳ ግን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ እያለ ጣሳውን መለሰች።

መጀመሪያ ከሊፋን ለብቻው ጠራው።

«ወንድምህ ጠዋት ምን ቀመሰ?»

«ከእኔ ጋር ዳቦ በሻይ። ወተት አልጠጣም፣ መቶ አለቃ። የምትታለበው አንዲት ላም ናት፤ ወተቷ የዙቤዳ ነው። ታማ ነው የተነሣችው፤ ሀሊሜ በየጠዋቱ በጮጮዋ ትልክላታለች።»

«በጮጮዋ ሌላ ሰው ይጠጣባታል?»

«አቦ፣ ማን ደፍሮ! እናታችን የሰጠቻት የወተት ዕቃ ናት። ዛጎሏን አይተው ልጆች እንኳ አይነኳትም።»

«መካ ለመሄድ አንተስ አላማረህም?»

«ሱቁን ማን ይጠብቅ? ልትሄድ የነበረችው ሀሊሜ ናት፤ ክትባቱን እንኳ ተከትባ ነበር። ኋላ ጅብሪል ‹እኅትህን መካ አድርስልኝ› ያለችውን የእናቱን አደራ አስታውሶ ቦታውን ለዙቤዳ አደረገው።»

ከዲሮ ሲገባ ላብ አጥምቆታል። በመሬት ወሰን ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የከረመ ስለሆነ የመንደሩ ዓይን እሱ ላይ ነው።

«ወላሂ እኔ የለሁበትም! ድንኳን እየወጠርን ነበር። ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ተሰማ። ሀሊሜ ከማጀት ወጥታ ‹ዙቤዳ ልትሞት ነው፣ ድረሱላት!› ብላ ጮኸች። ሮጠን ብንገባ የወደቀው ጅብሪል ነው።»

«ዙቤዳስ?»

«ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ምንም አልሆነችም ነበር።»

ዙቤዳ መጨረሻ ገባች።

«የዛሬውን ወተትዎን ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ባዶውን ጮጮ ለሀሊሜ መለስኩላት። ሊያስሩኝ ነው?»

«እንዲህ እየዋሹኝ ከሄዱ አዎ» አላት አሳምነው። ጨክኖባት አልነበረም። እውነቱን ካልተናገረች የምትታሰረው እሷው እንደሆነች ያውቃል።

ቤተሰቡን ሁሉ ሬሳው ካለበት ክፍል ደጃፍ ሰበሰባቸው። እርስ በርስ ተራርቀው ቆሙ።

«ጅብሪልን የገደለው እንዶድ ወተት ውስጥ ነበር» ሲል ጀመረ። «ዛሬ በዚህ ቤት የታለበው ወተት አንድ ጮጮ ብቻ ነው፤ እሱም የዙቤዳ። ወይዘሮ ዙቤዳ፣ እርስዎ ጠጣሁ ብለውኛል። ያን ወተት የጠጣ ግን ሞቷል፣ እርስዎ ቆመዋል። ፈርቼ ነው እንዳይሉኝ፣ ውሃውን እኔ ቀድቼ አስቀድሜ ጠጣሁ፤ የፈራው ሁሉ ጠጣ። እርስዎ ብቻ ከንፈርዎ ደርቆ እያለ ጣሳውን መለሱ። ጾመኛ ነዎት አይደል?»

ዙቤዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ታምሜ የቀረብኝ የረመዳን ጾም ነበረብኝ» አለች። «ሳልጨርሰው ካዕባ ፊት መቆም አፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደካማ ነሽ ብለው ጾሜን ያስፈርሱኛል። ወተቱ መጣ። የተላከ ወተት ቢመለስ ሀሊሜ ትቀየማለች። ጅብሪልን ‹ጠጣልኝ› አልኩት። ስቆ ጠጣልኝ... በእጄ ሰጠሁት! በእጄ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያ ረቢ!» አለ።

«አይቸኩሉ» አለ አሳምነው። «ጅብሪልን ለመግደል ያሰበ፣ እሱ በማይጠጣበት ጮጮ መርዝ አይጨምርም። እንዶዱ የተደቆሰው ለዙቤዳ ነው። መጾሟን ማንም አያውቅማ። ከሊፋ ምን ይጠቀማል? እሷ ሄደች ቀረች፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ነው። ከዲሮም ቂም ካለው ከጅብሪል ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አይደለም። ዙቤዳ ብትታመም ግን ቦታዋን የምታገኝ፣ ክትባቷንም የጨረሰች አንዲት ሰው አለች።»

ማንም ወደ ሀሊሜ አልዞረም። ማየቱ አስፈራቸው።

«ባዶውን ጮጮ ከዙቤዳ እጅ የተቀበሉት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ ሀሊሜ። ጠጥታዋለች ብለው አመኑ። ከዚያ የሚያቃስት ሲሰሙ፣ ገና ማን እንደሆነ ሳያዩ፣ የዙቤዳን ስም ጠርተው ጮኹ። ሰው ሁሉ ‹ምንድን ነው?› ሲል፣ እርስዎ ማን እንደታመመ ያውቁ ነበር።»

ሀሊሜ ባለችበት ተቀመጠች።

«ልገድላት አልነበረም» አለች። «አልጋ ላይ እንድትውል ብቻ ነው። ትንሽ አስመልሷት እንድትቀር... ያን ሁሉ ዓመት ቤቱን ይዤ፣ ክንዴን ተወግቼ፣ ጎረቤት ‹ሀጃ› እያለ ሊጠራኝ ጀምሮ፣ በመጨረሻ አንቺ ቅሪ ተባልኩ። ስገባ እሱ ወድቆ አየሁት። ወተቱን ማን እንደሰጠው ለመጠየቅ እንኳ አፌን መክፈት ፈራሁ።» ወደ ዙቤዳ ተንፏቀቀች። «ምነው ብጠይቅሽ ኖሮ!»

ዙቤዳ ሻሿን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

«እምቢ እልሽ ነበር» አለቻት። «አልዋሽሽም ሀሊሜ፤ ቦታዬን አልሰጥሽም። እንጣላ ነበር። ጅብሪል ደግሞ መጥቶ ሁለታችንንም ይቆጣን ነበር።»

ወንዶቹ ሬሳውን ተሸክመው ወጡ። ሴት ወደ መቃብር አትከተልምና ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቀሩ። አሳምነው ቃሬዛው ከዓይን እስኪሰወር ካቴናውን ከኪሱ አላወጣም።