ያልዋጥኩት ጉርሻ

ቀረብ በሉ። ይህን ታሪክ ጮክ ብዬ መናገር አልችልም፤ አፍራለሁ።

ስሜ ስንዱ ነው፤ ልጆቼ ግን «ቲቸር» ይሉኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ትንንሽ ልጆች የሚማሩበት ቤት ፊደል አስተምራለሁ።

ደወሉ ሲደወል የምሳ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ላይ ይከፈታሉ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ከዚያ ልጆቹ እየተጋፉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ሁሉም በእጃቸው ጉርሻ ይዘዋል።

«ቲቸር፣ የኔን ይጉረሱ።»

«የኔ ይቀድማል።»

«አንተ ትናንት አጉርሰሃል፤ ዞር በል።»

ከሁሉም ኋላ ነጃት ትመጣለች። ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ጣቶቿ ግን ሁልጊዜ ስኳር በስኳር ናቸው።

እናቷ ቦምቦሊኖ ጠብሳ ትሸጣለች። ነጃት ስኳሩ በበዛበት በኩል ቆርሳ ለእኔ ታስቀምጣለች።

«አንዴ ብቻ፣ ቲቸር። በሞቴ።»

በሞቴ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም። አአአ ብዬ አፌን እከፍታለሁ።

አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቶሎ ቶሎ ይደክመኝ ጀምሮ ነበር።

ሐኪሟ ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀባችኝና በማሽን አየችው። «ጉበትሽ ውስጥ ስብ ተከማችቷል» አለችኝ።

ጉበት በቀኝ በኩል፣ ከጎድናችን ስር ያለ ትልቅ ሠራተኛ ነው። እናንተም እስቲ እጃችሁን እዚያ አድርጉ።

«ጣፋጭና ጥብሳ ጥብስ ቀንሺ» አለችኝ ሐኪሟ። «ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ ብዪ። በእግርሽም ሂጂ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ግን ለማንም አልነገርኩም።

«ጉበቴን አሞኛል» ብል፣ ሰው «ምን እየጠጣች ነው?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ የምጠጣው ሻይ ብቻ ነበር፤ ስኳሩ ግን ብዙ ነበር።

ስለዚህ ደበቅኩት። ልጆቹ ሲያጎርሱኝ ጉርሻውን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ወደ መስኮቱ ዞር እላለሁ።

ቀስ ብዬ መሐረቤ ላይ አወጣዋለሁ። መሐረቡን ጠቅለል አድርጌ የነጭ ጋውኔ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ።

በኋላ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። እዚያ የጥበቃው የጋሽ ይመር ዶሮዎች አሉ።

ቋቅ! ቋቅ! ቋቅ! ገና ጋውኔን ሲያዩ እየሮጡ ይመጣሉ።

«እነዚህ ዶሮዎች ከኔ ይልቅ አንቺን ይወዳሉ» ይለኛል ጋሽ ይመር። «ፊደል አስቆጠርሻቸው እንዴ?»

እኔ እስቃለሁ። ሳቄ ግን የውሸት ነው።

አንድ ቀን ዶሮዎቹ አንዲት ቁራሽ ሲሻሙ ዞር አልኩ። ነጃት ከኋላዬ ቆማለች።

ቁራሿ ላይ ስኳር አለ። የማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን።

«ወድቆብኝ ነው» አልኳት።

ነጃት ዶሮዎቹን አየች። መሐረቤን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ሄደች።

ያኔ እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? አልነገርኳትም።

በማግሥቱ ደወሉ ተደወለ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ነጃት መጣች። ቦምቦሊኖዋ በስኳር ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል።

«እማን ስኳር ጨምሪበት አልኳት» አለችኝ። «የትናንቱ አልጣፈጠዎትም መሰለኝ።»

«ጣፍጦኛል እኮ።»

«እሺ፣ አንዴ ብቻ፣ ቲቸር። በሞቴ።»

ጎረስኩ። ወደ መስኮቱ ልዞር ስል ጋውኔን ያዝ አደረገችኝ።

«መጀመሪያ ይዋጡ። አሁን አፍዎን ያሳዩኝ።»

አአአ። ነጃት በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ አፌ ውስጥ አየች። ባዶ ነው። ፈገግ አለች።

በሚቀጥለው ቀን ውስጡ ማርማላታ ያለበት መጣ። ከዚያ ደግሞ ላዩ ላይ የተፈጨ ከረሜላ ያለበት መጣ።

እኔም ዋጥኩ። ዋጥኩ። ዋጥኩ።

አንድ ጠዋት ክብ ሠርተን ስንዘል ደከመኝ። ልጆቹ ሲዘሉ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ነጃት ከክቡ ወጥታ መጣች። ፊቴን በደንብ አየችው።

«ስላልበሉ ነው የደከመዎት» አለችኝ።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ደጋግማ አጎረሰችኝ። አንዴ ብቻ አላለችም።

ምሳ ሲያልቅ ልጆቹ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። መጋረጃው ተዘጋ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ጉርርር!

«አንበሳ ገባ» አለ ሱራፌል ከብርድ ልብሱ ስር። ሱራፌል እንቅልፍ አይወድም።

ጉርርር!

አንበሳ አይደለም። የነጃት ሆድ ነው።

የምሳ ዕቃዋን አንስቼ ከፈትኩት። ጥርግ ብሏል። ሁሉንም የበላሁት እኔ ነበርኩ።

«ነጃት፣ አንቺስ ምን በላሽ?»

«እኔ አልደከመኝም» አለች በትንሿ ድምፅዋ። «የደከመዎት እርስዎ ነዎት።»

የራሴን ምስር በእንጀራ አምጥቼ ሰጠኋትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። «ጉበቴን አሞኛል። ሐኪሟ ጣፋጭ ቀንሺ ብላኛለች።»

ነጃት ማኘኳን አቆመች።

«ጉርሻሽ ስላልጣፈጠኝ አይደለም ለዶሮዎቹ የሰጠሁት። ወድቆብኝም አይደለም። ዋሽቼሻለሁ።»

ነጃት በአፏ ያለውን ዋጠች። ከዚያ «ጉበት ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የምንበላውን ተቀብሎ ለሰውነታችን ያዘጋጃል። ስኳሩ ሲበዛበት ግን የት ያድርገው? ስብ አድርጎ ውስጡ ያስቀምጠዋል።»

«ብቻውን ነው የሚሠራው?»

«ረዳቶች አሉት። አንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ነገሮች ይኖራሉ። ባክቴሪያ ይባላሉ። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉትም የነሱ ዘመዶች ናቸው።»

«ምን ይወዳሉ?»

«ጎመን፣ ሽምብራ፣ ምስር። እነዚህን ስንበላ ጥሩዎቹ ይበዛሉ፤ ጉበትንም ይረዱታል። ሁልጊዜ ጣፋጭ ብቻ ስንበላ ግን ጥሩዎቹ ያንሳሉ።»

«ጥርስ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ሽምብራውን በምን ይበሉታል?»

«እሱን ሐኪሟን አልጠየቅኳትም» አልኩ።

ነጃት ትንሽ አሰበች። «ዶሮዎቹስ? ጉበት የላቸውም?»

«አላቸው።»

«እነሱንስ አያማቸውም?»

ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

«አፍሬ።»

«እኔም ሳፍር ጠረጴዛ ስር እገባለሁ» አለች ነጃት። «ግን ቶሎ እወጣለሁ።»

ከዚያ ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ሸፈነችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ማታ እናቷ ልትወስዳት በር ላይ ስትመጣ ለእሷም ነገርኳት። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

«ውይ ቲቸር» አለች የነጃት እናት። «እኔ ደግሞ ምኑ ጎደለ ብዬ ዘይት ስቀያይር ከረምኩ። ሰው ይታመም የለ እንዴ? ምን ያሳፍራል?»

በማግሥቱ ደወሉ ተደወለ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ልጆቹ ሁሉ መጡ።

«አሞኛል፤ ጣፋጭ አይስማማኝም» አልኳቸው።

«ችግር የለም» አለ ሱራፌል። «እኔ እበላልዎታለሁ።» ብስኩቱን ራሱ ጎረሰው።

ነጃት ግን አልመጣችም። በሩ አጠገብ ተቀምጣ የምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን በላች።

በነጋታውም አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ አልመጣችም።

እኔ ጎመኔን ይዤ ወደ በሩ አያለሁ። መሐረቤን ሳስበው ይቆጨኛል። ውሸቴን ሳስበው የበለጠ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ወንበር ወለሉ ላይ ስትጎተት ሰማሁ። ክርርር!

ነጃት ወንበሯን አጠገቤ አቆመችና ተቀመጠች። የምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ጠቅ!

በአንድ በኩል ግማሽ ቦምቦሊኖ አለ። በሌላው በኩል የሽምብራ ንፍሮ አለ።

በሞቴ አላለችኝም። «ዛሬ ምን ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለማንም «አልፈልግም» ብዬ አላውቅም።

«ንፍሮ» አልኩ። «ቦምቦሊኖውን ግን አልፈልግም።»

ነጃት አንዲት ሽምብራ መርጣ አፌ ውስጥ አደረገችልኝ። ወደ መስኮቱ አልዞርኩም። አኘክኋት፤ ዋጥኳት።

አፌን እንደገና ከፈትኩ። አአአ።

«ሌላው የኔ ነው» አለች ነጃት።

እውነትም ሌላውን ሁሉ ራሷ በላችው። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስትበላ አየኋት።

ከምሳ በኋላ መጋረጃው ተዘጋ። ነጃት ፍራሿን እየጎተተች ወደ ወንበሬ አመጣችው።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ዓይኖቿ እየተከደኑ።

«ወዬ።»

«ሲያምዎት ይንገሩኝ።»

«እሺ፤ እነግርሻለሁ።»

ቀድሜ ብነግራት ኖሮ ያን ቀን ተርባ አትተኛም ነበር። ይህን እያሰብኩ ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ሳብኩላት።

ነጃት ግን «እሺ» ስላት አልሰማችኝም። አንድ እጇን ጫማዬ ላይ አሳርፋ፣ ጠግባ፣ ተኝታለች።